ምርቃት የማትሰጠው ኒካኖራ

በሳንታ ኢነስ ገበያ ኒካኖራ ኩዋማትሲን የሚወድ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው በክፋት አይደለም፤ እሷም ብትሆን እንዲወዷት አትሻም ነበር። በክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ እንጉዳይ የሞላ ቅርጫቷን አዝላ ከማሊንቼ ተራራ ትወርድና ከገበያው በር ቅስት ሥር ምንጣፏን ትዘረጋለች። ያን ጊዜ ከጎኗ ያለው ቃሪያ ሻጭ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

"መጣች እንግዲህ" ይላል። "አፏን ሳትከፍት ሽጠን እንጨርስ።"

"አንተ የምትሸጠው ትናንት የጠወለገውን ነው" ትለዋለች እሷ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው። "ምን ያስቸኩልሃል? ከዚህ በላይ አይጠወልግ።"

እኔ ወደዚያች ከተማ በመምህርነት የተመደብኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ሰባ አምስት አልፎኛል። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እንጉዳዩ ደስ ቢለኝ ጊዜ እጄን ሰድጄ አንዱን ላነሣ ስል፣ የእጄን ጀርባ በጥፊ አጮለችኝ።

"በዓይንሽ ግዢ" አለችኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶኛ" አልኳት፣ በአገሩ እመቤት እንደሚባለው።

"አንቱ አትበይኝ። አንቱ የሚለኝ ሁሉ ዋጋ ሊያስቀንሰኝ የመጣ ነው።"

ስለዚህ እስክትሞት ድረስ አንቺ አልኳት፤ ዛሬም በጽሑፍ አንቱ ብላት ከመቃብሯ ተነሥታ እጄን የምታጮለኝ ይመስለኛል።

አቀማመጧ ከሌላው ሻጭ ሁሉ ይለይ ነበር። ሌሎቹ እንጉዳይን ቆቡን ወደ ላይ አድርገው፣ አፈር የነካውን እግሩን በቢላዋ ቆርጠው ጥለው፣ አጥበው፣ አሳምረው ይደረድራሉ። ኒካኖራ ግን ከነእግሩ፣ ከነአፈሩ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጣ በፈርን ቅጠል ላይ ታጋድመዋለች። መደቡ ስድስት ስድስት ነው። ቆቡ ከላይ ቀይ ብርቱካን መስሎ ወደ ጠርዙ ቢጫ የሚሆነውን፣ የተራራው ሰዎች የዱባ አበባ የሚሉትን እንጉዳይ ከሁሉ አብልጣ ታከብረዋለች። የከተማ ሴቶች አፈር የተላወሰውን እግር ባዩ ቁጥር ይናደዳሉ።

"አፈሩንም ልትሸጪልን ነው?"

"አፈሩ በነጻ ነው። ሌላ በነጻ የምሰጥሽ የለኝም።"

ጠቡም የሚነሣው እዚህ ላይ ነበር። በሳንታ ኢነስ ያለ ምርቃት ግብይት የለም። አምስት ቲማቲም የገዛ ስድስተኛውን ይመረቅለታል፤ ባቄላ የገዛ አንድ ጭብጥ ይጨመርለታል። አናጢው ዶን ፊደንሲዮ እንኳ የሬሳ ሣጥን ሲሸጥ ጥቂት ሚስማር ይመርቃል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ኒካኖራ ግን ለማንም፣ በምንም ቀን፣ አንዲት እንጉዳይ መርቃ አታውቅም። ለምን እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም። ቋጣሪ ስለሆነች ነው ብሎ ሁሉም ያምን ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር።

ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ እናቷ ቶማሳ ጥድ ጫካ ውስጥ ይዛት ትዞር እንደነበር፣ አንድ ቀን ዝናብ አስጠልሎን ሳለ ነግራኛለች። እናቷ አስተምራኛለች አላለችም፤ "ደበደበችኝ" ነው ያለችው። የተሳሳተች እንጉዳይ ባነሣች ቁጥር አንዲት ልምጭ፤ ከልምጩም ጋር የእናቷ ቃል፦ የዱባ አበባን ከነቀልሽ ከነእግሩ ንቀዪ፤ ሆዱ ቢጫ፣ እግሩ ቢጫ፣ የእግሩም ጫፍ ከእንቁላል ቅርፊት እንደወጣ ጫጩት ነጭ ከረጢት ውስጥ የቆመ መሆኑን እይ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እዚያው ተይው። ሆዱና እግሩ ነጭ ከሆነ ደግሞ የኮከብ እንጉዳይ ነው፤ ከብት እንኳ እንዳያገኘው ርቀሽ ጣዪው። "እናቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ነው ያቀፈችኝ" አለችኝ ኒካኖራ። "እሱም ብርድ ይዟት ነበር።"

ባሏ ከሰል አክሳይ ነበርና ቀድሟት ሞተ። አንድ ልጇ ወደ ፑዌብላ ከተማ ወርዶ ልብስ ፋብሪካ ገባ። ለዚህ ልጅ የክርስትና እናት የሆነችው ኤርሊንዳ ነበረች፤ ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች አበልጆች ናቸው። በዚያ አገር አበልጅ ከእኅት ይበልጣል።

ኤርሊንዳ የገበያው ዓይን ነበረች። ከምንጩ አጠገብ ቅጠላ ቅጠል ትሸጣለች፤ በክረምት ደግሞ ሰው ያመጣላትን ሁሉ እየገዛች፣ አንዳንዴም ራሷ ከከተማው በላይ ካለው ዳገት እየለቀመች እንጉዳይ ትጨምርበታለች። ለሁሉም "የኔ ንግሥት" ትላለች። እጇ ከቅርጫት ወደ ገዢ ዘንቢል ሲመላለስ አያርፍም፤ ስድስት የገዛ ስምንት ይዞ ይሄዳል። ኒካኖራ ይህን ከሩቅ እያየች አፍንጫዋን ትነፋለች፤ አበልጅ ናትና ግን ምንም አትልም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

የሣይንስ መጽሐፋችን በሁለት ቀለም የታተመ፣ ጥሩ መጽሐፍ ነበር፤ እስከ ዛሬ አንድ ቅጂ አለኝ። በአርባኛው ገጽ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ እንጉዳይ፣ ያው የኮከብ እንጉዳዩ፣ ተሥሎ፣ ሥሩ "መርዛማ" የሚል ተጽፎበታል። ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ላይ ገልብጬ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ልጆቹም በየደብተራቸው ሥለውት በየቤታቸው ወሰዱት። ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ትምህርት ገና ሳይዘጋ፣ በትምህርት ሰዓት፣ ኒካኖራ ጭቃ የነካ ጫማዋን ሳታራግፍ ክፍሌ ገባች። ከላይኛው መንደር የሚመጡ ተማሪዎች ነግረዋት ኖሯል። ሥዕሉ ፊት ቆመች።

"ይህን ነጠብጣብ ማን ነገረሽ?"

"መጽሐፉ" አልኳት።

"መጽሐፉን ዝናብ መትቶት ያውቃል?"

ልጆቹ ሳቁ። ፊቴ ቀላ።

"ሦስት ቀን ዝናብ ሲወርድበት ነጠብጣቡ ታጥቦ ይሄዳል" አለች። "ከላይ ሲያዩት የዱባ አበባ ነው የሚመስለው። እነዚህን ልጆች ቆብ አታሳዪያቸው። ሆድ አሳዪያቸው። እግር አሳዪያቸው።"

"ዶኛ ኒካኖራ፣ እኔ ያንቺን ምንጣፍ መጥቼ አላዘዝኩም። አንቺም ሰሌዳዬን አትዘዢኝ።"

"ጥሩ" አለችና ወጣች። ሥዕሉን አላወረድኩትም። ትክክል እንደሆነች ልቤ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ በተማሪዎቼ ፊት ስላሳቀችብኝ ነው።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሐሙስና ዓርብን ጨምሮ አራት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። ቅዳሜ የዳቦ ጋጋሪው የዶን አቡንዲዮ ሚስት ሌዮኒላ ገበያ ወጣች። በማግስቱ እሑድ የአማቷ የዶኛ ቲቡርሲያ የስም ቀን፣ ስማቸውን የወረሱት ቅዱስ የሚከበርበት በዓል፣ ነበር። ከኒካኖራ ሁለት መደብ የዱባ አበባ ገዛች። እኔ ከኋላዋ ተራ ይዤ ቆሜ ነበር።

"በይ መርቂልኝ" አለች ሌዮኒላ ዘንቢሏን ከፍታ።

"አልመርቅም።"

"ለአሮጊቷ የስም ቀን ነው እኮ!"

"እንግዲያው ሦስተኛ መደብ ግዢላቸው።"

"አንቺ ሴት፣ ስትሞቺ ይዘሽው ልትሄጂ ነው እንጉዳዩን?"

"አዎ። እዚያ ደርሰሽ በጭሱ እንዳላጥንሽ ግን እግዜር ይጠብቅሽ።"

ሰው ሳቀ፤ ሌዮኒላ ግን አልሳቀችም። ዘንቢሏን እያወዛወዘች ወደ ምንጩ ሄደች።

እሑድ ከምሳ በኋላ የዳቦ ጋጋሪው ቤት ተበጠበጠ። አሮጊቷና ሌዮኒላ ላብ አጠመቃቸው፤ ያስመልሳቸውም ጀመር። ዶኛ ቲቡርሲያ ከዚያ አልፈው ከሞቱ ዓመታት ካለፏቸው ባላቸው ጋር ይጨቃጨቁ፣ በመካከሉም ይስቁ ነበር፤ ሊይዛቸው የመጣውን ልጃቸውን አቡንዲዮን በርግጫ መቱት። በዳቦ መኪናው ጭነው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። ሐኪሙ ምን እንደበሉ ጠይቆ "እንጉዳይ ነው" አለ። ሁለቱም ከሞት ተርፈው በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ቤት ተመለሱ። ወሬው ግን ከእነሱ ቀድሞ ከተማውን አዳርሶ ነበር።

እንጉዳዩን የሸጠችው ኒካኖራ ናት። ይህን ቅዳሜ ዕለት ያላየ አልነበረም። ሰኞ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በቅስቱ ሥር፣ እሷ በምትቀመጥበት ድንጋይ ላይ፣ አንድ ባልዲ ኖራ ተደፍቶበት አየሁ። የደፉት ሦስት አራት ሴቶች ነበሩ፤ ባዶውን ባልዲ የያዘችው ኤርሊንዳ ነበረች።

"አበልጄ ናት" ትል ነበር ደረቷን እየደቃች፤ "ለአበልጄ አፌን መክፈት ያመኛል። ግን ያ ሁሉ መራርነት አንድ ቀን ከእጇ እንደሚወጣ አውቄው ነበር።"

የገበያው ኃላፊ ዶን ካሲሚሮ ደግሞ ኒካኖራ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳንታ ኢነስ ገበያ እንዳትሸጥ ሊያሳግዳት መወሰኑን ለሁሉም ይናገር ነበር። ለኒካኖራ ይህ ማለት እንጀራዋ ነው። ክረምቱ ሦስት ወር ነው፤ ዓመቱን የምትኖረው በሦስቱ ወር ነው። ሌላው ከተማ ደግሞ መርዛለች የተባለችን ሴት አያስጠጋም።

እሷም ወሬውን ከአውቶቡስ ሾፌር ሰምታ፣ ማንም ሳይጠራት፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ወርዳ በቀጥታ የዳቦ ጋጋሪው ግቢ ገባች። እኔ በእረፍት ሰዓት የታመሙትን ልጠይቅ ሄጄ ከምድጃው በር አጠገብ ቆሜ ነበር። ግቢው በሰው ተሞልቷል። አቡንዲዮ የዳቦ መዛቂያውን አንሥቶ መጣባት።

"እናቴን ገደልሻት!"

"እናትህ ከላይ ክፍል ሆነው ሲሳደቡ ከመንገድ ሰምቻቸዋለሁ" አለች። "የሞተ ሰው እንደዚያ ድምፅ የለውም። እንጨቱን አውርድ።"

ሌዮኒላ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ነጠላ ብርድ ልብስ ተከናንባ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። "ነጭ ሽንኩርት ከትቼ ነው የቀቀልኩት!" ብላ ጮኸች። "አልጠቆረም! መርዝ ቢሆን ይጠቁር ነበር!"

"ነጭ ሽንኩርት ምን ያውቃል? ተራራ ላይ ኖሮ ያውቃል?" አለች ኒካኖራ። "ስታጸጂ የጣልሽው የት ነው ያለው?"

ራሷ አየችውና ወደ አሳማው በረት ሄዳ ከጉድፉ ክምር ፊት ተንበረከከች። አሳማው ገና አልደረሰበትም። የሽንኩርት ልጣጩን፣ አመዱን፣ የበቆሎ ገለባውን በጣቷ ገለጠች። ዶን ካሲሚሮ "ምን ትሠሪያለሽ? የመጣሁት ውሳኔ ልነግርሽ ነው" ቢላት፣ "ጆሮዬን እየታጠብኩ ነው፣ ጠብቀኝ" አለችው። ከጉድፉ ውስጥ እየመረጠች በቢላዋ የተቆረጡ የእንጉዳይ እግሮችን በልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ደረደረች። ሰዉ ቀስ በቀስ ተጠጋ፤ ጫጫታው ረገበ።

"ስንት መደብ ነው የሸጥኩልሽ?"

"ሁለት" አለች ሌዮኒላ።

"መደቤ ስንት ነው?"

"ስድስት።"

"ቁጠሪ።"

በድንጋዩ ላይ ቢጫ እግሮች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው ጫፍ ነጭ ከረጢት እንደ ተቀደደ ካልሲ ተንጠልጥሏል። አሥራ ሁለት ናቸው። ከእነሱ ራቅ ብለው ደግሞ ሦስት ሌሎች አሉ። ሦስቱ ነጭ ናቸው፤ ሥራቸው እንደ ሽንኩርት ያበጠ ነው፣ ከረጢት የሚባል ነገር የላቸውም።

"አሥራ ሁለቱ የኔ ናቸው" አለች ኒካኖራ እየተነሣች። "እነዚህ ሦስቱ የማን ናቸው?"

የሌዮኒላ ዓይን በሰዉ መካከል አልፎ ከኋላ የቆመችው ኤርሊንዳ ላይ ሄዶ አረፈ።

"ከኤርሊንዳ አንድ እስር ድንብላል ገዝቼ ነበር" አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። "'አበልጅሽ ምርቃት ከለከለችኝ' ብዬ ነገርኳት። እሷ... 'ነይ የኔ ንግሥት፣ እኔ ልመርቅልሽ' ብላ ገና እግራቸው ካልተቆረጠው ሦስት ጣለችልኝ።"

"ነጠብጣብ አልነበረውም!" ኤርሊንዳ ጮኸች። "በእናቴ አጥንት፣ አንድም ነጠብጣብ አልነበረውም! መርዝ ነጠብጣብ ያለው ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ሥላ አምጥታልኛለች። መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው! መምህርቷ ትናገር!"

ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እግዜር ይመስገንና ያን ጊዜ መዋሸት አልመጣልኝም።

"ሥዕሉን የሰቀልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ዝናብ ነጠብጣቡን እንደሚያጥበው ኒካኖራ መጥታ ነግራኝ ነበር። አላወረድኩትም።"

አመሰግናለሁ የምትለኝ መስሎኝ ነበር መሰል፣ ወደ እሷ አየሁ።

"አሁን ነው አፍሽ የተፈታው?" አለችኝ። "ምን ነበር ከሦስት ሳምንት በፊት ቢፈታ?"

የሰዉ ቁጣ አልበረደም፤ ቦታ ብቻ ቀየረ። ኖራውን አብረዋት የደፉት ሴቶች አሁን ኤርሊንዳን "ውጪ!" ይሏት ጀመር። አንዷ ሻርፕዋን ጎተተች። ዶን ካሲሚሮም የፊቱን ውሳኔ ሳያፍር ገለበጠው።

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ከገበያ የምትወጣው ኤርሊንዳ ናት።"

"ዝም በል አንተ" አለችው ኒካኖራ። "ብታስወጧት በየቤቱ ደጃፍ እየዞረች ትሸጣለች። እዚያ ማን ያይላችኋል? ቅዳሜ ቅስቱ ሥር ትምጣና ከጎኔ ትቀመጥ። ቅርጫቷን አስቀድሜ እኔ አያለሁ።"

"ካንቺ ጎን?" አለች ኤርሊንዳ፣ እንባዋ እየወረደ። "ካንቺ ጎን ከምቀመጥ ብራብ ይሻለኛል።"

"ተራቢ።"

"አበልጄ፣ እኔ ሆን ብዬ አይደለም እኮ..."

"አበልጄ አትበይኝ። ያንን ከኖራው ጋር ደፍተሽዋል።"

ልትወጣ ስትል ሌዮኒላ ጠራቻት። ይቅርታ ልትጠይቅ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ተነጫነጨች፦ "አንቺ ራስሽ መርቀሽኝ ቢሆን እኮ ይህ ሁሉ ባልመጣ!"

ኒካኖራ በሩ ላይ ቆመች። "መደብ ሳበጅ እያንዳንዷን ገልብጬ አያለሁ" አለች። "ምርቃት የምትጠይቁኝ ግን እየተጋፋችሁ፣ እየጮኻችሁብኝ ነው። ያን ጊዜ እጄን አላምነውም።" ይህን ብላ ሄደች። በሃያ ዓመት ውስጥ ምክንያቷን ስትናገር የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳቦ ጋጋሪው ይቅርታ አልጠየቃትም። ከተማውም አልጠየቃትም። ቅዳሜ በማለዳ ኖራውን በገጀራዋ ጀርባ ስትፍቅ አግኝቻት መጥረጊያ ይዤ መጣሁ። "አልጠራሁሽም" አለችኝ። ጠረግኩ። አላባረረችኝም። ሥዕሉን አውርጄ ነበር፤ በቦታው የሰቀልኩትን፣ ተገልብጦ ሆዱና እግሩ የሚታይ እንጉዳይ፣ መጥታ እንድታየው ለመንኳት። መጣች፤ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ "ከረጢቱን ካልሲ አስመስለሽዋል" ብላ ሄደች።

ኤርሊንዳ ሁለት ቅዳሜ ቀረች። በሦስተኛው ምንጣፏን አምጥታ ከኒካኖራ ጎን፣ ጀርባዋን ሰጥታ ዘረጋች። እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ክረምት ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። ኒካኖራ በየቅዳሜው ጧት የኤርሊንዳን ቅርጫት ወደ ራሷ ትስባለች፤ አንድ በአንድ ትገለብጣለች፤ ያልወደደችውን ከግድግዳው ጀርባ ትወረውራለች፤ ቅርጫቱን በእግሯ ገፍታ ትመልሳለች። ኤርሊንዳ በዚህ ጊዜ ሰማይ ሰማይ እያየች ትሳደባለች። የግድ መነጋገር ሲኖርባቸው በእኔ በኩል ነበር።

"መምህርት፣ ለዚያች ሴትዮ ምንጣፏ ድንበር አልፏል በያት።"

"መምህርት፣ ለዚያች ሴትዮ ድንበሩን እናቷ አልተከለችውም በያት።"

በእነዚያ ዓመታት ከቅስቱ ሥር በገዛው እንጉዳይ የታመመ ሰው የለም። ከተማው ግን እንዲያም ሆኖ አልወደዳትም፤ ምርቃት መጠየቁንም አልተወም።

ኒካኖራ በአንድ ሐምሌ በሳምባ ምች ሞተች። ቀብሯ ላይ ልጇ፣ ሁለት የመንደሯ ሰዎችና እኔ ነበርን። ኤርሊንዳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዝናቡ ላይ ቆማ ነበር። ግቢ ስላት እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

በተከታዩ ቅዳሜ ወደ ቅስቱ ሄድኩ። ኤርሊንዳ እንጉዳዮቿን ከነእግራቸው፣ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገልብጣ ስድስት ስድስት ደርድራለች። ደኅናው የኒካኖራ ቦታ፣ ዝናብ የማይገባበት ድንጋይ፣ ባዶውን ነው። እሷ ግን ከጎኑ በነበረችበት ተቀምጣ ጠብታው ትከሻዋን ያረጥባታል። አንዲት ገዢ መርቂልኝ ብትላት፣ "አልመርቅም" አለች፤ የኔ ንግሥት አላለቻትም።

"ኤርሊንዳ፣ ለምን ወደ ደረቁ አትጠጊም?" አልኳት። "አሁን እኮ ማንም የለበትም።"

ወደ ባዶው ድንጋይ በቁጣ አየች።

"እዚያ ብዘረጋ" አለች፣ "ያቺ ምላሰኛ ተነሥታ ትመጣና ቅርጫቴን ትበረብረዋለች።"